ይሄስ ይጥፋ?

የአባቴን ጠረጴዛ የገደልኳት እኔ ነኝ። በገዛ ገንዘቤ፣ በገዛ ፈቃዴ፣ ያውም ተከራክሬ ሃምሳ ብር አስቀንሼ።

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ቤት ድረስ እየመጡ ማመልከቻ የሚያጽፉ ባላገሮችን የሚያስተናግድባት አንዲት የዋንዛ ጠረጴዛ ነበረችው። ከብዛት የተነሣ ቀኝ ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል። መሐሏ ላይ የቀለም ብልቃጥ የተደፋበት ትልቅ ጥቁር ነጥብ አለ። ጠርዟ ላይ ቢላዋ የሞረዳት፣ እግሯ ላይ ድመት የቧጨራት፣ ብቻ ያልደረሰባት ነገር የለም። አባቴ በ1997 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ለራሴ ላደርጋት ፈለግሁና «አድሱልኝ» ብዬ ለአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሰጠኋት።

በሳምንቱ ስመለስ ጠረጴዛዋ የለችም። ማለቴ አለች፤ ግን እሷ አይደለችም። በማሽን ተልጋ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቃ፣ በላይዋ ላይ ቢጫ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ተደርቦባት እንደ ብርቱካን ከረሜላ ታብረቀርቃለች። ጉድጓዱ የለ፣ የቀለሙ ነጥብ የለ። «አላወቅካትም አይደል?» አለኝ ባለቤቱ በኩራት። እውነቱን ነው፤ አላወቅኳትም። እኔም እንደ ጨዋ ሰው አመስግኜ፣ ከፍዬ፣ በጋሪ አስጭኜ ወደ ቤት ወሰድኳት።

እናቴ ስታያት፣ «ይቺን የመሰለች ጠረጴዛ! በስንት ገዛሃት?» አለችኝ።

«የአባባ ናት እኮ» አልኳት።

ዝም አለች። ቀረብ ብላ በመዳፏ በስተቀኝ በኩል ዳበስ ዳበስ አደረገቻት። ምን እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ። አላገኘችውም። «ይሁን፤ አምሮባታል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ ስለዚያች ጠረጴዛ ክፉም ደግም ተናግራ አታውቅም።

ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ ማላከክ ይቻል ነበር። ሰውየው ግን ያዘዝኩትን ነው የፈጸመው። «አድስልኝ» አልኩት፤ አደሰልኝ። አማርኛችን እንደሆነ ማደስ ሲል አዲስ ማድረግ ማለቱ ነው። መጠገን ሌላ፣ ማጽዳት ሌላ፣ መጠበቅ ሌላ፤ ቃላቱ ሁሉ አሉን። እኛ ግን ሁሉንም ትተን አንዱን «ማደስ» አንግሠነዋል። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ የአያቶቻችን የጥድ በር ተነቅሎ የላሜራ በር ሲገባ አይቻለሁ። በመጥረቢያ የተጠረበ የዋንዛ ዓምድ ከእግር እስከ ራሱ የዘይት ቀለም ሲለቀለቅ አይቻለሁ። ቀለሙን የቀባው ሰው ደግሞ የሚያዋርድ ነገር ያደረገ አይመስለውም። ያከበረ ነው የሚመስለው። እኔም ጠረጴዛዋን ያከበርኳት መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ባይከተል ኖሮ ይህን ሁሉ ለአንባቢ መናዘዝ ባላስፈለገኝ ነበር።

እናቴ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፍኖተ ሰላምን ትታ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ገባች። መንደሯ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ማንኩሳ አካባቢ ነው፤ አዎን፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ዋ ማንኩሳ። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ስልክ ደወለችና በወሬ መሐል፣ «ሣጥኑን ልለውጠው ነው» አለችኝ።

«በምን?»

«በስድስት የፕላስቲክ ወንበርና በአንድ ፔርሙስ።»

ሣጥኑ የሠርጓ ሣጥን ነው። በ1957 ዓ.ም. ስታገባ ሁለት ጎረምሶች ተሸክመውት ነው ከወላጆቿ ቤት የወጣው። ቡሬ የተሠራ፣ ክዳኑ አንድ ወጥ የዋንዛ ጣውላ፣ ማዕዘኖቹ ጥርስ በጥርስ የተጋጠሙ፣ ምስማር የሌለበት ሣጥን ነው። ውስጡ የጥልፍ ቀሚሷ፣ የመሬት ግብር ደረሰኞች፣ የእኛ የክርስትና ወረቀት፣ የአባቴ ደብዳቤዎች አሉበት። ለዋጩ ነጋዴ በየመንደሩ እየዞረ የቆየ ወንበር፣ በርጩማ፣ አልጋና ሣጥን ይሰበስባል። እንዲህ ያለው ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የባህል ዕቃ መደብሮች በአንዱ ሊሰለፍ ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የእናትን የሠርግ ሣጥን በፔርሙስ ከመለወጥ የሚያግድ አዋጅ ግን የለም። በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ቤት ስደርስ ተከራከርን። እኔ ስለ ዋንዛ ሰበክሁ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክለው እንደነበር፣ እንደዚያ ክዳን ያለ ወጥ ጣውላ ዛሬ ማግኘት ብርቅ እንደሆነ አስረዳኋት። ፈረንጆች ዘንድ የጥንት የእንጨት ዕቃ ዋጋ የሚያወጣው የመጀመሪያ ልብሱ፣ ማለትም የመጀመሪያ ቅቡ ሳይነካ ሲገኝ እንደሆነ፣ የላጠው ሰው ዋጋውንም አብሮ እንደሚልጥ ተናገርኩ። እናቴ እህሏን እየለቀመች ሰማችኝና፣

«እይውልህ ልጄ» አለች፤ «ለእናንተ ለአዲስ አበባ ሰዎች አሮጌ ዕቃ ጌጥ ነው። አዲሱ ስላላችሁ። እኔ ዘንድ ግን አሮጌ ነው። የማኅበር ለት ሴቶቹ መጥተው ‹ይሄ የከሰል ማዳበሪያ ነው ወይስ ሣጥን?› ሲሉኝ አንተ የለህበትም።»

ምን ይባላል? እውነቷን ነው። ሣጥኑ የሃምሳ ዓመት የምድጃ ጭስ ጠጥቷል። በላዩ ላይ ደግሞ «እንዲያምርበት» እየተባለ በየበዓሉ ቅቤ ተቀብቷል። ቅቤው አቧራውን ይዞ ደርቆ እንደ ቅጥራን ሆኗል። እኔ «ታሪክ» የምለው ነገር ግማሹ እድፍ ነው።

«እሺ አሠራልሻለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እንዳባትህ ጠረጴዛ?»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖራለች።

በሦስተኛው ቀን ከቡሬ አንድ ሽማግሌ አናጢ በባጃጅ አመጣሁ። ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው። የዕቃ ቦርሳቸውን ሲፈቱ አሮጌ ጨርቅ፣ ጥጥ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ አንድ ጠርሙስ ስፒሪትና አንድ ድቡልቡል ሰም ወጣ። ሌላ የለም።

«መላጊያዎስ?» አልኳቸው።

«ለምኔ? የሬሳ ሣጥን ሥራ ብላችሁኛል እንዴ?»

መጀመሪያ ሣጥኑን ዞር አስደርገው ጀርባውን አዩ። ነቀዝ የበላው ቀዳዳ ሲያገኙ ሥሩ ትኩስ የእንጨት ዱቄት መኖር አለመኖሩን በጣታቸው ፈተኑ፤ ዱቄት ካለ ነቀዙ አሁንም ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። አልነበረም። ቀጥለው ጥጥ በስፒሪት ነክረው የማይታይ ጥግ ላይ ጠቀስ አደረጉ። ጥቂት ቆይቶ ከእድፉ ሥር ያለው ቅብ ሟሙቶ ተጣበቀ። «ሼላክ ነው» አሉ። ሼላክ እነ ሕንድ አገር ዛፍ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ከሚያወጡት ሙጫ የሚሠራ፣ በአልኮል ተሟሙቶ የሚቀባ ነገር ነው። አልኮል ሲነካው ይሟሟል፣ ውሃ ሲያቁርበት ነጭ ይሆናል፣ ትኩስ ነገር ሲቀመጥበት ይለሰልሳል። ቅቡ ምን እንደሆነ ሳያውቁ በእጅ የተገኘውን ማፍሰስ፣ አሉኝ፣ በሽታውን ሳይጠይቁ መርፌ እንደ መውጋት ነው። ቲነር የሚያጠፋው ሌላ፣ ስፒሪት የሚያጠፋው ሌላ፣ ሁለቱም የማይነኩት ሌላ።

እናቴ በበኩሏ ተዘጋጅታ ጠብቃለች፤ የግራዋ ቅጠልና አንድ ከረጢት ኦሞ።

«እሜቴ ምነው!» አሉ ሽማግሌው፤ «ይሄ እኮ የጠላ ጋን አይደለም።»

ለብ ያለ ውሃ በሳሕን አስቀረቡ። ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ጣል አደረጉበት። ጨርቁን ነክረው ውሃው ጠብ እስከማይል ጨመቁት። ከዚያ የመዳፍ ስፋት ያላትን ቦታ ብቻ ጠረጉ፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አደረቁ። ሌላ መዳፍ፤ ማድረቅ። «እንጨት ውሃ ይጠጣል» አሉ፤ «ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ውሃ ደፍተህ ካጠብከው አንተ ታጥበዋለህ፣ ፀሐይ ይፈልጠዋል።» ቅቤው በጠነከረበት ቦታ ብቻ ጥጥ በእንጨት ጫፍ ጠምጥመው፣ ቅቡ ሳይነካ፣ በትዕግሥት ለቀለቁት። ውሃው ጠቆረ፤ ተደፋ። ሁለተኛው ጠቆረ፤ ተደፋ። አራተኛው ሳሕን ላይ እናቴ እህሏን ትታ መጥታ ቆመች። የክዳኑ ጥግ የማር ቀለም አውጥቶ ነበር።

«እንዴ! የሠርጌ ለት እንዲህ ነበር» አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ነገር የመጣው። እድፉ ከለቀቀ በኋላ በክዳኑ ላይ ያሉት ምልክቶች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ሽማግሌው ሥራቸውን አቁመው እጃቸውን ጠረጉና ወደ እናቴ ዞሩ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ። የመጀመሪያው ከፍም ወድቆ የጠቆረ ጉድጓድ ነው።

«ይሄስ ይጥፋ? ካልፋቅሁት አይለቅም።»

«ልጅቷ የተወለደች ለት የገንፎው ምድጃ ነው። ይኑር።»

ቀጥሎ ሦስት ነጭ ክቦች አሉ፤ የመለኪያ ቂጥ የሚያህሉ። አረቄ ፈሶ ሼላኩን የበላበት ነው። እኔ አወቅኳቸው። የአባቴ ተዝካር ለት ሰው በዝቶ መጠጡ በሣጥኑ ላይ ተደርድሮ ነበር።

«ይሄስ?»

«እሱን አጥፉልኝ» አለች እናቴ።

«እማ» አልኳት፤ «እሱ እኮ የአባባ ተዝካር ለት ነው።»

«አውቃለሁ። አሥራ አምስት ዓመት አይቼዋለሁ። ይበቃኛል።»

ሽማግሌው ከምድጃው የላመ አመድ አስወንፍተው በጥቂት ዘይት ለወሱና በጣታቸው በክቡ ላይ ቀስ እያሉ አሹት። አመዱ ላይ ላዩን ብቻ ይጠርጋል፣ ዘይቱ ቅቡ እንዳይቧጨር ያለዝባል። ነጩ ነገር እየደበዘዘ ሄደ። እናቴ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

የመጨረሻው እኔን ያሳፈረኝ ነው። በክዳኑ ግራ ጥግ በምስማር የተቧጨሩ ጎባጣ ፊደሎች አሉ፤ ሀ፣ ሁ፣ ሂ። ሃው የተገለበጠ ነው። የኔ ሥራ ነው። የስድስት ወይ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ በዚህ ምክንያት የበላሁትን አርጩሜ አልረሳውም።

«ይሄ በስቱኮ ይሞላ» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«እሱን እንዳትነኩ!» አለች እናቴ። ሁለታችንም ዞርን። «እኔ እኮ ፊደል የቆጠርኩት በእሱ ነው። መሠረተ ትምህርት አስተምረውኝ ስመለስ ማታ የማይበት ደብተር አልነበረኝም። ኩራዝ ይዤ እሱን ነበር የማየው።»

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። እናቴ በዚያን ጊዜ ማንበብ እንደተማረች አውቃለሁ። ያባቴን ደብዳቤዎች ሣጥኑ ውስጥ ያስቀመጠችውም ራሷ እያነበበች እንደሆነ አውቃለሁ። የተገረፍኩበት ጭረት ደብተሯ እንደነበር ግን አላውቅም ነበር። በመላጊያ ቢሆን ኖሮ በሁለት ደቂቃ ይጠፋ ነበር፤ እኔም «አማረ» ብዬ አመሰግን ነበር።

ሽማግሌው ምንም አልተናገሩም። ጭረቱ ውስጥ የገባውን እድፍ በብሩሽ አጸዱና አለፉት።

ሥራው ሲያልቅ ለመጨረሻው ልባስ ሰም አዘጋጁ። ሰሙ የጎጃም ሰም ነው፤ ጧፍ የሚሠራበት። ፈልፍለው በቆርቆሮ አደረጉት፤ ቆርቆሮውን በፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው አቀለጡት። ተርፔንታይን የጨመሩበት ግን ከእሳቱ ርቀው ደጅ ወጥተው ነው፤ እሳት ይስባልና። ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ሆነ። በጨርቅ ስስ አድርገው ቀቡት፤ ቡና እስኪጠጣ ጠበቁ፤ ከዚያ በአሮጌ የጋቢ ቁራጭ እየደጋገሙ ወለወሉት። ዋንዛ ሲያብብ ንብ የሚወደው ዛፍ ነው። ከዚያው አገር አበባ የተሠራ ሰም ተመልሶ እንጨቱን ሲያለብሰው ሳይ ደስ አለኝ።

«ኑግስ ለምን አልቀባነውም?» አልኳቸው፤ አገሩ የኑግ አገር ነውና።

«ኑግ ቶሎ አይደርቅም። እያጣበቀ ጭስና አቧራ ይሰበስባል፤ እንደ ቅቤው ይሆንብሃል። የተልባ ዘይት ይሻላል፤ እሱም ጣጣ አለው።» ጣጣውን ነገሩኝ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ከተወረወረ ሲደርቅ ይሞቃል፤ ማንም እሳት ሳያስነካው ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ወይ ደጅ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ወይ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ቤታችሁ እንጨት የምትቀቡ ይህን አትርሱ።

ሲሄዱ አንድ ነገር ጠየቅኋት እናቴን። «ሣጥኑን የሠራው ማን ነው?»

«አንድ ቡሬ የነበረ ጠራቢ ነዋ። ስሙን ማን ጠየቀው!»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። የማዕዘኑን ጥርስ በጣታቸው እየነኩ፣ «በእጅ መጋዝ ነው የቆረጠው፤ ይኸው አንዷ ላይ ስቷል፤ በሽብልቅ ሞላት» አሉ። ስሙን ያላወቅነውን ሰው ስሕተቱን አወቁለት። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ በአዋጅ ተከልክሏል። ስማቸውን መጠየቅ ግን ማንም ስላላዘዘን እስከ ዛሬ አልጠየቅንም።

ነገሩን ከፍ አድርገን ብናየው ትልልቆቹ ቤቶች ዘንድ ይህ ጥያቄ ገብቷል። ብሔራዊ ሙዚየም ያለውን የአፄ ኃይለ ሥላሴን ቅርጽ የበዛበት የእንጨት ዙፋን መላጊያ ይዞ የሚቀርበው የለም። በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሲከፈት፣ ከአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ጋር የዘመኑ የቤት ዕቃም ተጠግኖ ነው። ለታላላቆቹ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለእናቶቻችን ሣጥን አንድ ጥያቄ ብንመድብ አይበዛም። ጥያቄው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሽማግሌው በየምልክቱ ላይ የጠየቁት ነው። ሁሉ ይኑር ማለት እድፍ ማምለክ ነው። ሁሉ ይጥፋ ማለትም ያባቴን ጠረጴዛ ማድረግ ነው። የትኛው እድፍ፣ የትኛው ታሪክ እንደሆነ የሚያውቀው ባለ ዕቃው ነው። እኔ ብወስን ኖሮ አረቄውን አስቀርቼ ፊደሉን አስጠፋ ነበር።

ለሽማግሌው ስምንት መቶ ብር ስከፍል እናቴ «ለመወልወል!» ብላ በአፏ እጇን ጫነች። ወንበሮቹና ፔርሙሱ ቀሩ። ሣጥኑ በቦታው ተቀመጠ፤ ሳልወጣ ዳንቴል አለበሰችው፤ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ አቆመችበት። ምንም አላልኩም። ተምሬያለሁ። ከማኅበሩ በኋላ ስደውልላት ሴቶቹ ምን እንዳሉ ጠየቅኋት።

«‹አዲስ ነው?› አሉኝ» አለች።

«ምን አልሻቸው?»

«‹ልጄ ካዲሳባ አምጥቶልኝ ነው› አልኳቸዋ!»

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ እንደ ልብ መሄድ አልቻልኩም። በስልክ ነው የምንገናኘው። ኔትወርክ ባለ ቀን ከጤናዋ ቀጥዬ ስለ ሣጥኑ እጠይቃታለሁ። «በደረቅ ጨርቅ ወልውዬዋለሁ፤ ውሃ አላስነካሁትም» ትለኛለች፤ ትዕዛዝ እንዳከበረች ተማሪ።

ይህን የምጽፈው ያባቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቢጫው ቫርኒሽ በስተቀኝ በኩል፣ ክንዴ በሚያርፍበት ቦታ፣ መሳሳትና መላላጥ ጀምሯል። በቀደም ልጄ አየውና፣ «አባዬ፣ ይሄን ለምን አናሳድሰውም?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት።